መዛኙን ማን ይመዝነዋል? ስለ ሕፃናት ሐኪሞች ከፍተኛ ሥልጠና ዕውቅና

ፐልስ ኦክሲሜትር የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች። በሕፃን ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ትያዝና ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ አንድ ቁጥር ታሳያለች። ደሴ ላይ ትኩሳትና ሳል ይዞት በመጣ የሁለት ዓመት ሕፃን ጣት ላይ ቁጥሩ 88 ቢሆን ምን ማለት ነው? ጥያቄው የሕክምና ይመስላል እንጂ ግማሹ የፊዚክስ ነው። የፊዚክስ መምህራን ሆነን ሳለ ስለ ሐኪሞች ሥልጠና ለመጻፍ የደፈርነውም በዚሁ በር ስለ ገባን ነውና ውድ አንባቢያን ጥቂት ታገሡን።

መሣሪያዋ ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። አንደኛው 660 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ሲሆን ሁለተኛው 940 ናኖሜትር ገደማ ያለውና ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። ኦክሲጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን እና ያልተሸከመው እነዚህን ብርሃኖች የሚውጡበት መጠን ይለያያል። ደም በልብ ምት ልክ ወደ ጣት ሲገባ የሚለዋወጠውን ክፍል ብቻ ነጥሎ በማስላት ከሄሞግሎቢኑ ስንት በመቶው ኦክሲጅን እንደ ያዘ ይገመታል። ይህን ብልሃት በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነበር። ይሁን እንጂ የብርሃኑን ጥምርታ ወደ መቶኛ የሚለውጠው ሰንጠረዥ ከንድፈ ሐሳብ ብቻ የተገኘ አይደለም። ጤነኛ ጎልማሶች ኦክሲጅኑ የተቀነሰ አየር እንዲተነፍሱ ተደርጎ፣ የመሣሪያው ንባብ ከደም ናሙናቸው ጋር እየተመሳከረ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ የሚያገለግለን በእነዚያ ጎልማሶችና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት የማይጎዳ እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ልዩነቱ የሚጎዳ መሆኑን አሳየ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ጊዜያት በደም ናሙና ሲረጋገጥ ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጭ ታካሚዎች ላይ 3.6 በመቶ ያህሉ ሲሆን በጥቁሮቹ ላይ 11.7 በመቶ ያህሉ ነበር። መሣሪያው አልተሰበረም፤ የተስተካከለው ግን በሌላ ሰው ቆዳ ላይ ነበር።

ከቆዳው ሌላ ከፍታ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የከባቢ አየር ግፊትን ቀመር የተማረ ሁሉ አስልቶ እንደሚያገኘው፣ በኮምቦልቻ ያለው ግፊት የባሕር ወለሉን አራት አምስተኛ ያህል ሲሆን በደሴ ያለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከኮምቦልቻ ሪፈር ተጽፎለት በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ላይ የሚወጣ የሳንባ ምች ሕመምተኛ ሕፃን በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በእያንዳንዱ ትንፋሹ የሚያገኘው ኦክሲጅን በ8 በመቶ ገደማ ይቀንስበታል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይህን ከፍታ አልዘነጋም። በመደበኛው ስፍራ ለሕፃን ኦክሲጅን የሚሰጠው ንባቡ ከ90 በመቶ ሲያንስ ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ በሚገኙ አካባቢዎች ግን 87 በመቶና ከዚያ በታች እንደ መነሻ ሊወሰድ እንደሚችል ይገልጻል።

ተፈጥሮ እንዲህ ያለ መስመር አታውቅም፤ ግፊቱ ከሜትር ሜትር ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱንና ቁልቁለቱን ይዛ የተቆረቆረች ከተማ ናትና የ2,500 ሜትሩ መስመር በመሃሏ ሊያልፍ ምንም አይቀረውም። ታዲያ ከላይኛው ሰፈር የመጣው ሕፃን በአንዱ ደንብ፣ ከታችኛው ሰፈር የመጣው በሌላው ደንብ ሊታከም ነውን? 88 ያነበበው ሐኪም ኦክሲጅን ይስጥ ወይስ ይተው? ኦክሲጅኑ እንደ ልብ በማይገኝበት ሆስፒታል ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መልሱ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይኸውም በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ባሉ ጤነኛ ልጆች ጣት ላይ ነው። እዚያ ሄዶ መለካት ያስፈልጋል። ለመሆኑ ይህን መለካት የማን ሥራ ነው?

አካል የሌለው ሙያ

የልብ ስፔሻሊስቱ ሥራ ነው እንዳንል እርሱ የሚጠብቀው ልቡ የታመመውን ነው። በሆስፒታሉ ያለው የሕፃናት ሐኪም ሥራ ነው እንዳንል ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ የተሰለፈውን አክሞ የሚጨርስበት ሰዓት የለውም፤ ቢኖረውም የናሙናን መጠን ማስላት፣ የጥናት ንድፍ ማውጣትና የስሕተትን ወሰን መገመት በሬዚደንሲ ዘመኑ በቂ ጊዜ የተሰጣቸው ትምህርቶች አይደሉም። ሥራው የሌላ ዓይነት ሐኪም ነው፤ በሌላው ዓለም ስም ወጥቶለታል፦ አካዳሚክ ጠቅላላ የሕፃናት ሕክምና።

እንደሚታወቀው አንድ ሐኪም የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ፣ ሬዚደንሲውን ጨርሶ የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ከሆነ በኋላ ፌሎሺፕ ወደሚባለው ቀጣይ ሥልጠና ሊገባ ይችላል። ፌሎሺፕ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አንድን የሰውነት ክፍል ወይም አንድን የበሽታ ዘርፍ ይዞ መዝለቅን ነው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተከፈተው የሕፃናት የደምና የካንሰር ሕክምና ሥልጠና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአካዳሚክ ጠቅላላ የሕፃናት ሕክምና ፌሎ ግን የሚይዘው አካል የለውም። የሚይዘው ሙሉውን ሕፃንና ሕፃኑ የሚኖርበትን ቀዬ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲቆይ ምርምር መንደፍን፣ ስታቲስቲክስን፣ ማስተማርን፣ የጤና አገልግሎት የት ላይ እንደሚሰናከል መመርመርን ይማራል። ሲጨርስ ዋርዱን ሳይለቅ ተመራማሪና መምህር ይሆናል።

ሙያው የሚያኮራ ማሽን የለውም፤ ይህም ጎድቶታል። ዘመድ ተሰብስቦ «የምን ስፔሻሊስት ነህ?» ሲል «የልብ» ወይም «የአንጎል» ብሎ መመለስ ያስከብራል፤ «የጠቅላላ» ብሎ መመለስ ግን ያሳንሳል መሰለን። በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት ሐኪሞች የብቃት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቦርድ ይህን ዘርፍ ራሱን እንደ ቻለ ንዑስ ስፔሻሊቲ አይቆጥረውም። ከዚህ የተነሣ በ1981 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና የድኅረ ምረቃ የሕክምና ሥልጠናዎችን የሚመዝነው ታላቁ ምክር ቤት እነዚህን ፌሎሺፖች አይጎበኛቸውም። ማንም ሳያየው እንደ ፈለገው ማሠልጠን ለፈለገ ሜዳው ክፍት ነበር። ይሁንና የሙያው ሰዎች ማኅበር፣ የአካዳሚክ ሕፃናት ሕክምና ማኅበር፣ የራሱን መመዘኛ ጽፎ፣ የራሱን ገምጋሚዎች መድቦ ፕሮግራሞቹ በፈቃዳቸው ለምዘና እንዲቀርቡ አደረገ። ሕግ ሳያስገድድ «ኑና ፈትሹን» ማለት እንግዳ ነገር ነው፤ በሥነ ልክ ላቦራቶሪ ለሠራ ሰው ግን በፍጹም እንግዳ አይደለም።

ፀሐይ በሞላበት ሀገር

ይህ ሁሉ የባዕድ ፋሽን ነው የሚል ቢኖር በ1997 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ላንሴት መጽሔት የወጣውን የኢትዮጵያውያን ሥራ እንዲመለከት እንጋብዛለን። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናትና ያልያዛቸውን 500 ሕፃናት አነጻጸሩ። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ከታመሙት በ210ዎቹ፣ ካልታመሙት በ20ዎቹ ላይ ተገኘ። ሌሎች ምክንያቶች በስሌት ከተጣሩ በኋላም ሪኬትስ ያለበት ሕፃን ለሳንባ ምች ያለው ተጋላጭነት 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ወጣ።

እስቲ ይህን በፊዚክስ ዓይን እንየው። ሪኬትስን በዋናነት የሚያመጣው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው፤ ቫይታሚኑን ቆዳችን የሚሠራው ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ባለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህ ጨረር በምድር ወገብ አካባቢና በከፍታ ቦታ በብዛት ይገኛል፤ ኢትዮጵያ ሁለቱንም አላት። እንዲያም ሆኖ ሕፃናቱ ፀሐይ አላገኙም፤ ምክንያቱም በጨርቅ ተጠቅልለው በቤት ውስጥ ነበሩ። እናት ልጇን ከፀሐይ የምትደብቀው ምች እንዳይመታው ብላ ነው። ምችን ፈርታ የደበቀችው ልጅ ለሳንባ ምች ተጋለጠ፤ አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራቱ እንዴት ያለ ምፀት ነው! ከዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፦ ተራ የመስኮት መስተዋት ይህን ጨረር አብዛኛውን ስለሚያስቀረው ልጅን በመስኮት ውስጥ ፀሐይ ማሞቅ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን አይሰጥም።

ይህን ግኝት ያስገኘው ውድ ማሽን አልነበረም። የሳንባ ምችን ለማከም የተቀመጠ ሐኪም ዓይኑን ወደ ሕፃኑ አጥንት፣ ከአጥንቱም ወደ ቤቱና ወደ ልማዱ ማንሣቱ ነው ያስገኘው። ጠቅላላ ሐኪምነት ማለት ይህ ነው፤ አካዳሚክ የሚያደርገው ደግሞ ጥርጣሬውን በ1,000 ሕፃናት ላይ ፈትኖ መጻፉ ነው። አሁን ደሴንና ኮምቦልቻን እናስብ። አንደኛዋ ብርድና ጉም የማይለያት፣ ሁለተኛዋ ቆላማ ነፋስ የሚነፍስባት፤ ሕዝባቸው በቋንቋ፣ በልማድና በጋብቻ የተሳሰረ፤ የሚለያያቸው የ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ። ሪኬትስ በሁለቱ ከተሞች እኩል ነውን? ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ንጽጽር ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ እዚህ ግን ተፈጥሮ ራሷ አዘጋጅታ አስቀምጣዋለች።

እንዲህ ያሉ ሐኪሞች ጥቂት ቢሆኑም ነበሩን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ኋላ በዳካ፣ ባንግላዴሽ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል በዲሬክተርነት መርተዋል፤ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ያ ማዕከል ቀድሞ የኮሌራ ላቦራቶሪ ተብሎ ይጠራ በነበረበት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው ዛሬ በየጤና ጣቢያው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው የስኳርና የጨው ውሁድ በኮሌራ ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ የሠራው። ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ ሲያልፍ ሶዲየምን ይዞ ያልፋል፤ ውኃም ይከተላቸዋል። ዳካ የተመረጠችው በውበቷ አልነበረም፤ በሽታው እዚያ ስለ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወሎ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይቻለንም። በ1965 እና በ1966፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወሎን የዓለም መነጋገሪያ አደረጋት። የልጆቿ ክብደት ተመዘነ፣ ክንዳቸው በሜትር ተለካ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ለኪው ከሩቅ መጥቶ ሥራው ሲያልቅ የሚመለስ ነበር። እንግዳው ስለ መጣ አንከፋም፤ የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈ እንግዳ ነው። የሚያሳዝነው ጥያቄውን የመረጠውም መልሱን ይዞ የሄደውም እርሱ መሆኑ ነው። በደሴ ተቀምጦ የሚጠይቅ፣ ጠይቆም ለተማሪዎቹ የሚያወርስ የሕፃናት ሐኪም ያስፈልገናል የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሚዛን ራሱን አይመዝንም

እንግዲህ በ2007 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በደሴ የሕክምና ኮሌጅ፣ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ፌሎሺፕ ይክፈት ብንል በሀገራችን የተለመደው መንገድ አጭር ነው። ሥርዓተ ትምህርት ይጻፋል፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ገምጋሚዎች ለአንድ ቀን ይጠራሉ፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሴኔት ያጸድቃል፣ ተማሪ ይገባል። እኛ የምንቃወመው ይህን መንገድ ነው።

በሕፃናት ክፍል ያለችውን ሚዛን ውሰዱ። ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የተወለደ ሕፃን ዝቅተኛ የልደት ክብደት ያለው ይባላል፤ ሚዛኗ 100 ግራም አስበልጣ የምታነብ ከሆነ 2.4 ኪሎ የሆነው ሕፃን ጤነኛ ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሚዛኗ ትክክል መሆኗን በምን እናውቃለን? ራሷን መልሳ መላልሳ ብታነብ ያንኑ ስሕተት ነው የምትደግመው። ከእርሷ በተሻለ የታወቀ ክብደት ይመጣና ይጫንባታል፤ ያ ክብደት ደግሞ አዲስ አበባ ባለው የሥነ ልክ ተቋም ከሌላ ይመሳከራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ከ1889 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰንሰለቱ ጫፍ በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የተቀመጠ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ሲሊንደር ነበር፤ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጫፉ የማንም ንብረት ያልሆነው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ሆኗል። ዶክትሬታችንን በሠራንበት ሀገር በላቦራቶሪው ያለ ሚዛን ሁሉ ጎኑ ላይ የተመሳከረበት ቀን ተለጥፎበት ነበር፤ ቀኑ ያለፈበትን የሚነካ አልነበረም። ለሥልጠና ፕሮግራም የሚሰጥ ዕውቅናም እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ዋጋው ያለው በጀርባው ባለው ሰንሰለት እንጂ በማኅተሙ ውበት አይደለም።

«ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለን አይደለም እንዴ?» የሚል ተማሪ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ብዙዎቻችሁም ፈተናውን የምትጠብቁ ናችሁ። ፈተናው የሚለካው ሰውን ነው። ኮምቦልቻ ባሉት ፋብሪካዎች የሚሠራ መሐንዲስ የሚያውቀው ልዩነት አለ፦ የወጣውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ መለካት አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑን መፈተሽ ሌላ ነው። ተማሪው ቢወድቅ ጥፋቱ የእርሱ ይሁን የማሠልጠኛው ፈተናው አይነግረንም። በፌሎሺፕ ደረጃ ደግሞ ሠልጣኙ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት ሰው ውጤት ስለ ፕሮግራሙ የሚወጣ ስታቲስቲክስ የለም። ማሽኑን መፈተሽ ብቸኛው ምርጫ ይሆናል።

በሀገራችን የዚህ ፍተሻ ታሪክ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የተቋቋመውና ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሆነው ኤጀንሲ ለረጅም ዓመታት ዕውቅና ይጠይቅ የነበረው የግል ኮሌጆችን ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጥራት ኦዲት ይደረግለት ነበር እንጂ ፕሮግራም ለመክፈት ሴኔቱ በቂው ነበር። መንግሥት ስለ ሆነ አይሳሳትም የሚል ግምት በሥነ ልክ ዘንድ ቦታ የለውም። ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ በደሴ የሚከፈተው ፌሎሺፕ የመጀመሪያ ሠልጣኙን ከመቀበሉ በፊት ከዩኒቨርሲቲውም፣ ከሆስፒታሉም፣ በጀት ከሚሰጠውም ወገን ውጭ በሆነ አካል ይመዘን፤ ካላለፈም አይከፈት።

ጥብቅ ምዘና ሌላ አደጋ እንዳለው አንዘነጋም። በ1910 እ.ኤ.አ. የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ የገመገመው አብርሃም ፍሌክስነር ነበር። በነገራችን ላይ ፍሌክስነር ሐኪም አልነበረም፤ የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ እኛንም ያደፋፈረን ይኸው ነው። ሪፖርቱ የይስሙላ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ፤ ከእነርሱ ጋር ግን ከሰባቱ የጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱም ጠፉ። ሐዋርድና መሃሪ ብቻ ተረፉ። ከሀብታሙ ቤት የተወሰደ መለኪያ ድሃውን ቤት ሲለካ እንዲህ ያደርጋል፤ በሌላ ቆዳ ላይ የተስተካከለው ኦክሲሜትርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የአሜሪካኑን መመዘኛ ተርጉመን ደሴ ላይ ብንጭን ደሴ ትወድቃለች፤ ፌሎሺፑም ሁልጊዜ አዲስ አበባ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይለካ? በእኛ አስተያየት ቀዳሚው ጊዜ ነው። ፌሎው ከሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ማንም ወደ ዋርድ የማይጠራው መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ገምጋሚውም ወረቀቱን ሳይሆን የተረኝነት መዝገቡን ይመልከት። ይህ ካልሆነ ፌሎሺፕ ማለት በርካሽ የተገኘ ተጨማሪ ተረኛ ሐኪም ማለት ነው። ቀጥሎ መካሪ፦ ምርምር ሠርቶ ያሳተመና በአካል ደሴ የሚገኝ አንድ ሰው፣ በሩቅ ሆኖ በየሳምንቱ የሚያማክር ሌላ ሰው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይኑር፤ የስታቲስቲክስ ረዳት ከሂሳብ ክፍል ሊገኝ ይችላል፤ የመሣሪያ ማመሳከሪያ ደግሞ ከኮምቦልቻው ኢንስቲትዩትና ከእኛ ከፊዚክስ ሰዎች። ከባሕር ወለል የደሴና የኮምቦልቻ ጤነኛ ሕፃናትን የኦክሲጅን መጠን ለማወቅ የሚያስፈልገው ለክትባት የሚመጡ ልጆች፣ ፈቃደኛ እናቶች፣ ሁለት የተመሳከሩ ኦክሲሜትሮችና አንድ ባሮሜትር ነው፤ ባሮሜትሩን እኛ እናውሳለን። የአልጋ ብዛት፣ የሕንፃ ፎቅና የማሽን ዝርዝር በመመዘኛው ውስጥ የመጨረሻውን ቦታ ይያዙ።

ማሽንን ከኋላ ማስቀመጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሪፈራል ሆስፒታልም ወሎ ዩኒቨርሲቲም ንብረታቸው ተዘርፎ ወድሟል። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ሲለቀቁ ባለሙያው ተመልሶ ሥራውን ከባዶ ክፍል ጀመረ። በማሽን ብዛት የተሰጠ ዕውቅና ቢኖር ኖሮ በአንድ ወር ዜሮ በሆነ ነበር፤ በሰው፣ በልማድና በተጠበቀ ጊዜ ላይ የቆመ ግን የሚተርፍ ነገር ይኖረዋል። ከዚሁ ጋር ዕውቅና ለዘላለም የሚሰጥ ነገር አለመሆኑን ማየት ይቻላል፤ በየአራት ወይም በየአምስት ዓመቱ ይታደስ።

«ሐኪም በጠፋበት አገር ስለ ተመራማሪ ሐኪም ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 እ.ኤ.አ. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ክትባቱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ትልቁን ድርሻ እንዳበረከቱ አንጠራጠርም። በአንድ ወር ዕድሜ ውስጥ የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት፤ ፍጥነቱ ያነሰ ነው። ቀላሉ ተለቅሞ ከባዱ ቀርቷል ማለት ነው። የቀሩት ሞቶች ከአዲስ አበባ በሚላክ አንድ ሰርኩላር የሚቆሙ አይደሉም፤ ለምን በዚህ ወረዳ፣ ለምን በዚህ ከፍታ፣ ለምን በዚህ ወር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው ቅንጦት ከሆነ ቅንጦት ይሁን።

የሚቀረው መዛኙ ነው። ከባለሥልጣኑ ሕጋዊ ሥልጣን፣ ከኢትዮጵያ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሙያዊ ዕውቀት ቢመጣ ይበቃል ብለን እናምናለን፤ ገምጋሚዎቹ ከጎንደር፣ ከጅማና ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ደግሞ ከውጭ ሀገር ይሁኑ። ችግሩ ሙያው ጠባብ መሆኑ ነው። ሁሉም የሁሉም ተማሪ ወይም አስተማሪ ነበር፤ በይሉኝታ የማይታለፍ ጉድለት ደግሞ የለንም። ይሉኝታን በአዋጅ ማገድ አይቻልም። ነገር ግን የፍሌክስነር ሪፖርት ትምህርት ቤቶቹን በየስማቸው ጠርቶ ማንም ሰው እንዲያነበው ታትሞ ነበር። የእኛም ገምጋሚዎች የጻፉት ሁሉ፣ ከልክለው እንደ ሆነም ክልከላው ከነምክንያቱ፣ በአማርኛ ተጽፎ በሕፃናት ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ፤ ተራ የምትጠብቅ እናት ታንብበው።